የቀኝ እግር ጫማ

ባሌ ሁለት ሚስት እንዳለው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንዷ እኔ ነኝ፤ ሌላይቱ ግቢያችን ውስጥ ሸራ ለብሳ የምታድረው እንግሊዝ ሠራሽ ሞተር ናት። ቢ.ኤስ.ኤ. ናት፤ የቤንዚን ታንከሯ ላይ ሦስት ጠመንጃዎች ተደጋግፈው የቆሙበት አርማ አላት። እሱ ግን "እሜቴ" ነው የሚላት። እኔን በስሜ ይጠራኛል።

ሥራው ቁልፍ መቅረጽ ነው። ሱቁ ውስጥ ለደንበኛ ሁለት ቃል የማይተነፍስ ሰው ስለ እሜቴ የጠየቁት እንደሆነ ምላሱ ይፈታል። ማርሿ በቀኝ እግር ነው፣ ፍሬኗ በግራ፤ አንደኛ ማርሽ ወደ ላይ፣ የቀሩት ወደ ታች። የዛሬዎቹ ሞተሮች የዚህ ግልባጭ ናቸው ሲሉት፣ ታዲያ የተገለበጡት እነሱ ናቸዋ ይላል። ቤታችን መጥቶ ይህን ሳይሰማ የሄደ እንግዳ የለም።

የእኔ ቦታ ሳይድካሩ ነበር፤ በቀኝ ጎኗ የተገጠመው ባለ አንድ ጎማ ጋሪ። ከተጋባን ጀምሮ ገበያም ሰርግም የሄድኩት እዚያ ውስጥ እግሬን ዘርግቼ ነው። መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ የባሌ ፊት አይታየኝም፤ ዓይኔ ፊት ያለው ቀኝ እግሩ ነው። ማርሽ በቀየረ ቁጥር የጫማው አፍንጫ ፔዳሉን ስለሚገፋ ሁልጊዜ ቀድሞ የሚያልቀው የቀኙ ነው። ጫማ ሰፊው ጋ ወስጄ ቆዳ የማስለጥፈው ደግሞ እኔ። ሰውየውም ባየኝ ቁጥር "ግራው እንዴት ነው?" እያለ ይቀልድብኛል። መንገዱ ሲያንገጫግጨኝ ቀስ በል ብዬ እጮሃለሁ፤ ባሌ ጆሮ ዳባ ልበስ። ኋላ ስጠይቀው ሞተሩ እየጮኸ አልሰማሁሽም ይላል።

ባለፈው ዓመት ቀኝ ጉልበቱ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ሐኪሙ መራመዱን ፈቅዶ በኃይል መርገጡን ከለከለው። እሜቴ ደግሞ በእርግጫ ካልሆነ አትነሳም፤ ያውም በቀኝ እግር። ማርሹም በዚያው እግር ነው። ባሌ ጠዋት ጠዋት ሸራውን ይገልጣል፣ የተወለወለውን ይወለውላል፣ መልሶ ይሸፍናል። ምግብ አስጠላው፣ ጨዋታውም ጠፋ። አንድ ቀን "ቆማ ከማያት ትሂድ" አለኝና ሊገዛት ለጠየቀ ባለሆቴል ቀጠሮ ሰጠ። ጣውንቴ ልትሄድልኝ ስለሆነ እፎይ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ሆዴ ባባ።

ባለሆቴሉ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ መጣ። ባሌን አባባ፣ እኔን እማማ አለን፤ በዕድሜ ቢያንሰኝ ጥቂት ነው። እሱም ሞተረኛ መሆኑን ነገረንና ሊሞክራት ወጣባት። ባሌ አነሳሷን ሊያስረዳው ሲጀምር አውቃለሁ፣ አውቃለሁ አለ። በቀኝ እግሩ ፔዳሏን እየነካካ ፍሬኗ ጠንከር ያለ ነው ሲል የነካው ማርሿን መሆኑን አላወቀም፤ እኔ ግን ሳቄን ዋጥኩ። ከዚያ ረገጠ። ዝም። ደግሞ ረገጠ። በሦስተኛው እሜቴ እግሩን መልሳ መታችው፤ ዘሎ ወረደ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

እያነከሰም ግድ የለም አለ። ሊነዳት አይደለማ። ምንጣፍ እንዳታበላሽበት ዘይቷን አስፈስሶ እንግዳ መቀበያው ፊት ያቆማታል፤ ሰው ፎቶ ይነሳባታል። እጁን ወደ ሳይድካሩ ዘረጋ።

"እዚህ ውስጥ ደግሞ አፈር ሞልቼ አበባ እተክልበታለሁ።"

አበባ። የእኔ መቀመጫ ላይ። ደሜ ፈላ። ባሌን ባየው መሬት መሬቱን ያያል። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የሥራ ሽርጤን ፈትቼ አስቀመጥኩና ባለሆቴሉን "ዞር በል ልጄ" አልኩት።

ማርሿን ባዶ ላይ መለስኩ። የካርቡራተሯን ጉጥ ቤንዚን እስኪያነባ ተጫንኩ። መሪው ላይ በግራ በኩል የካንዴላዋን እሳት የምታዘገይ ትንሽ ዘንግ አለች፤ ሰውየው እሷን ሳይመልስ ነው እግሩን ያስመታው። መለስኳት። ከዚያ ቀስ እያልኩ በመርገጥ ጠጠር የሚልበትን ቦታ ፈለግኩ። የእኔ እግር ዕድሜውን ሙሉ የስፌት መኪና ፔዳል የረገጠ ነው። በሙሉ ክብደቴ ወረድኩባት። አስነጠሰች። ደገምኩ። ዱግ፣ ዱግ፣ ዱግ ማለት ጀመረች።

ባሌ ከመሬቱ ቀና አለ። "ማን አስተማረሽ?"

"እግርህ ነዋ" አልኩት። "ሌላ ምን ታይቶኝ ያውቃል? በል ግባ።"

ገብቶበት የማያውቀው ሳይድካር ውስጥ እየተጠነቀቀ ገባ። በሦስት ጎማ ስለምትቆም አትወድቅም፤ ድፍረቴ ያ ብቻ ነበር። አንደኛ ማርሽ፣ ወደ ላይ። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ስለለቀቅኩት ዘለለችና ጠፋች። እንደገና አስነሳኋት። ባለሆቴሉ በሩን ይዞ እንደቆመ አልፈነው ወጣን። ዳቦ ቤቱ ጋ ሁለተኛ አስገባሁ፣ ወደ ታች፤ እሺ ብላ ገባችልኝ። እየሳቅኩ እንባዬ ይወርዳል። ባሌ ከታች አንድ ነገር ይጮሃል፤ ሞተሩ እየጮኸ አልሰማሁትም።

ሰፈሩን ዞረን ስንመለስ ባለሆቴሉ ሄዷል። ባሌ ወገቡን ይዞ ወረደ።

"ይሄ መቀመጫ እንዲህ ያንገጫግጫል እንዴ?"

"ስንት ዓመት ሙሉ ስነግርህ!"

"ለካ ችለሽኝ ነው የኖርሽው" አለና ሳቀ። ጉልበቱ ከታመመ ወዲህ እንዲያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። በዚያው ሳምንት መቀመጫውን ፈትቶ አዲስ ስፖንጅ አስገባበት፤ ለራሱ ሲሆን ቸኮለ።

መንጃ ፈቃዱን በኋላ አወጣሁ። አሁን እሑድ እሑድ እኔ እነዳለሁ፣ እሱ ቀኝ እግሬን እያየ ማርሽ ያዝዘኛል። ሰሞኑን ለደንበኛ ልብስ ላደርስ ጫማዬን ብፈልግ የቀኙ የለም። አልጋ ስር ተንበርክኬ ሳማርር ባሌ ከውጭ ገባና በፌስታል ያንጠለጠለውን አቀበለኝ። አፍንጫው ላይ አዲስ ቆዳ ተለጥፎበታል።

"ጫማ ሰፊው፣ ግራው እንዴት ነው ይልሻል" አለኝ።