በቀን ዐሥር ደቂቃ

ጀርመኖች በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓታቸውን ያዞራሉ። በፀደይ አንድ ሰዓት ወደ ፊት፣ በመከር አንድ ሰዓት ወደ ኋላ። ትልቅ ሰው ትንሽ ያዛጋና ወደ ሥራው ይሄዳል። የሃያ ወር ልጅ ግን የመንግሥት አዋጅ አይገባውም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አንድ ሲል፣ የእሱ ሆድና ዓይን ገና አሥራ ሁለት ነው የሚሉት። ይህን ለባለቤቴ ለኢሳያስ ለማስረዳት አንድ ሳምንት ሙሉ ደከምኩ፤ አልገባውም። ኢሳያስ ያልገባው ነገር ሲነገረው ፈገግ ይላል። በአራት ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ፈገግታ የጠላሁት ነገር የለም።

እኔ አያልነሽ ኒደርራድ በሚባል ሰፈር ቢሮ አጸዳለሁ። ሁለት ዓመት የሌላ ሰው ሽንት ቤት ሳሽ ኖሬ፣ በፈረንጆቹ 1996 የነርስ ትምህርት ቤት ቦታ አገኘሁ። ትምህርቱ የሚጀምረው ከፋሲካ በኋላ ነበር። ልጄን ኢማኑኤልን የሚይዝልኝ ካላገኘሁ ግን ቦታዬ ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስንት በር አንኳኩቼ አንዲት ታገስሙተር አገኘሁ፤ በራሷ ቤት የሌላ ሰው ልጆች የምትጠብቅ ሴት ናት። ፍራው ዌበር ትባላለች።

«ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ እሞክረዋለሁ» አለችኝ። «ጠዋት ከአንድ ሰዓት ተኩል እስከ አራት ሰዓት። ካለቀሰ አልወስደውም። ሌላ እናት ተራ እየጠበቀች ነው።»

ለትውውቅ የወሰድኩት ቀን ኢማኑኤል ጎረቤት በሩን ከፍቶ እስኪያይ ድረስ ጮኾ ነበር። ልጅ እየጠበቀች የልጅ ልቅሶ የማትወድ ሴት፣ ዳቦ ቤት ከፍታ ዱቄት አልነካም እንደምትል ሴት ናት። ቢሆንም ቦታው የእሷ ነውና እሺ ብዬ ወጣሁ።

ሙከራው የሚጀምርበት ሰኞ፣ ሰዓቱ ከሚዞርበት እሑድ ማግስት ሆኖ ተገኘ። ልጄን ከእንቅልፉ አንድ ሰዓት ሰርቄ ብወስድላት ገና በሩ ላይ እንደሚያብድ አውቃለሁ። ከልጆች ሐኪሙ ዘንድ አንድ ወረቀት ይዤ መጣሁ። ልጁን በየቀኑ ዐሥር ደቂቃ አስቀድማችሁ አስተኙ፣ ዐሥር ደቂቃ አስቀድማችሁ ቀስቅሱ ይላል። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስድስት ቀን፣ ስልሳ ደቂቃ። ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት።

ኢሳያስ አየውና ሳቀ። «ልጁ ባቡር ነው እንዴ የሰዓት ሰሌዳ፣ ፋርፕላን ያወጣሽለት? ልጅ ሲደክመው ይተኛል። እኛ ሁላችን ያለ ወረቀት አይደል ያደግነው?»

እውነቱን ነው። እሱ ያለ ወረቀት አድጎ፣ እስከ ዛሬ እኔ ሦስት ጊዜ ካልቀሰቀስኩት ከአልጋው አይወርድም።

ሰኞ ኢማኑኤልን ለአንድ ሰዓት ዐሥር ጉዳይ ሲሆን አስተኛሁት፣ ማክሰኞ ለሃያ ጉዳይ። ሐሙስ አሻፈረኝ አለ፤ ብርድ ልብሱን ወረወረ፣ «ናይን! ናይን!» እያለ አልጋውን ያዘና ነቀነቀ። መጋረጃውን ዘግቼ አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ኢሳያስ ሳሎን ሆኖ ከመዘምራን ጋር የሚለማመደውን መዝሙር በሙሉ ድምፁ ይለቀዋል። ዝም በል ብዬ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። «በመዝሙር የተረበሸ ልጅ የለም» ይለኛል። ይሁንና ቅዳሜ ማታ፣ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄ ድብን ብሎ ተኛ። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም።

እሑድ ጉባኤያችን ከጀርመኖች ወደተከራየው አዳራሽ ሄድን። ግማሹ ሰው ሰዓቱን ስላላዞረ አንድ ሰዓት አረፈደ፤ ግማሹ አዙሮም አንድ ሰዓት አረፈደ። ከዚህ ሕዝብ ጋር ስለ ዐሥር ደቂቃ መነጋገር ድካም ነው። ልጄን በጊዜ ይዤ ተመለስኩ፣ አጠብኩት፣ አበላሁት። በአዲሱ ሰዓት ልክ አንድ ሲል ተኝቷል። ተኛ ከማለቴ የበሩ ደወል ተደወለ።

ጋሽ ዘርኣማርያም ነበሩ። ዚንድሊንገን ኬሚካል ፋብሪካ ሃያ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ኤርትራዊ ናቸው። ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ እሑድ በእሑድ በአሥራ ሁለት ሰዓት እየመጡ ከኢማኑኤል ጋር አንድ ሰዓት ይጫወታሉ። ዛሬም በራሳቸው ሰዓት አሥራ ሁለት ላይ መጡ። ፋብሪካው በየዓመቱ ሰዓታቸውን ሲያዞርባቸው ኖሮ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ በእጃቸው ነክተውት እንደማያውቁ በኩራት ይናገራሉ። በዚህ የሚኮራ ሰው አይቼ አላውቅም። ኪሳቸው እንደ ወትሮው በዋፈር አብጧል።

«ወዲ የት አለ?» አሉ ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ፤ ልጁን ማለታቸው ነው።

«ተኝቷል ጋሼ» አልኩ።

«ተኝቷል? በጊዜ?»

ኢሳያስ ከወንበሩ ተነሣ። «እንዴ፣ እንግዳ መጥቶ ልጅ ይተኛል? ይነሣና ሰላም ይበል እንጂ!»

እጁን ያዝኩት። ነገ ሙከራው መሆኑን፣ ስድስት ቀን መልፋቴን በሹክሹክታ ነገርኩት። ፈገግ አለ። አባቱ ቤት እንግዳ ሲመጣ ከሰባት ልጅ አንዱ እንኳን አልጋ ላይ አይገኝም ነበር፤ ዛሬ በአንድ ልጅ ሊዋረድ ነው? ገባና ልጄን አንሥቶ፣ ፊቱ ላይ የትራስ መስመር እንደታተመበት፣ አምጥቶ ጋሽ ዘርኣማርያም ጉልበት ላይ አስቀመጠው።

ኢማኑኤል መጀመሪያ አኮረፈ። ዋፈሩን ሲያይ ግን ነቃ። ጉልበታቸው ላይ ፈረስ ጋለበ፣ መነጽራቸውን ነጠቀ፣ ጢማቸውን ጎተተ። ሁለቱ ወንዶች እንደ ሕፃኑ ይስቃሉ። እኔ ሻይ ቀድቼ ማዶ ተቀመጥኩና የነርስ ትምህርት ቤቴ በዋፈር ሲበላ አየሁ። ሁለት ሰዓት አለፈ። ሦስት ሰዓት ሲሆን አላስቻለኝም።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ሥራ የሌለው ሰው ሰዓት ባያዞርም ችግር የለም። እኛ ግን ሥራ አለን።»

ኢሳያስ ስሜን ጠርቶ ጮኸ። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። ልጁን ቀስ አድርገው መሬት አስቀመጡት፣ ካፖርታቸውን ለበሱ። «ይቅርታ ጓለይ፣ ልጄ» አሉ። አልሸኘኋቸውም። ኢማኑኤል በሩን እየደበደበ ከኋላቸው ሲያለቅስ አመሸና አምስት ሰዓት ገደማ ደክሞት ወደቀ።

ጠዋት ሊነቃ አልቻለም። ልብሱን በእንቅልፉ አለበስኩት፣ ጋሪው ውስጥ አጋድሜ ወሰድኩት። ፍራው ዌበር በሩ ላይ ጎንበስ ብላ አየችው። ተቀብላኝ አልጋ ላይ አስተኛችው። እኔ ውጭ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ልቅሶውን ስጠብቅ ሁለት ሰዓት ተኩል አለፈ፤ የተሰማ ድምፅ የለም። በአራት ሰዓት ስገባ ገና ዓይኑን እየገለጠ ነበር።

«ዞ አይን ሊበስ ኪንት!» አለች። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ነገና ከነገ ወዲያም እንዲሁ ከሆነ ቦታው የእሱ ነው።»

ሴትዮዋ የምትፈልገው ልጅ አይደለም፣ የተኛ ልጅ ነው። በመንገድ ላይ ሳቅሁባት። ቤት ስደርስ ግን ሳቁ ጠፋ። ዛሬ ማታ በወረቀቱ መሠረት በጊዜ ከተኛ፣ ነገ ጠዋት እንቅልፉን ጠግቦ፣ ዓይኑን አፍጥጦ ይነሣል። ያን በር እንዳየ ደግሞ ጎረቤት እስኪወጣ ይጮኻል። ሁለት ማታ ብቻ ማምሸት አለበት።

አመሻሹ ላይ ኢማኑኤል ዓይኑን ማሸት ጀመረ። ኳስ አንከባለልኩለት፣ ድስት መታሁለት፣ አላየኝም። ኢሳያስ «እኔ ላጫውተው» ብሎ ዘመረለት፤ ልጁ ጭራሽ አንገቱን ደፋ። ስድስት ቀን ሲያስነቃው የከረመ መዝሙር ዛሬ አስተኛው። ወረቀቱን ከማቀዝቀዣው ላይ ቀደድኩና ስልኩን አነሣሁ። ኢሳያስ ማንን እንደምደውል ገብቶት ያንን ፈገግታውን ፈገግ አለ። ጀርባዬን ሰጠሁት።

«ጋሼ፣ አያልነሽ ነኝ።»

«ልጁ ታመመ እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

«አልታመመም። ይምጡልኝ ብዬ ነው። አሁኑኑ።»

«አሁን?» አሉ። «አይሆንም ጓለይ። በአዲሱ ሰዓት እኮ አንድ ከሩብ ሆኗል፣ ልጁ የሚተኛበት ነው። ትናንት ልክ ነበርሽ፤ እኛ ነን ያጠፋን። ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አደርኩ። ከእንግዲህ በዚህ ሰዓት ደጃችሁን አልረግጥም።»

«ጋሼ፣ ዛሬ ብቻ...»

«አይ፣ አይ፣ ልጅ በሰዓቱ ይተኛ። አንቺ የተማርሽ ሰው ነሽ፣ አንቺ ያልሽው ይሁን። ደኅና እደሪ፣ ልጁን ሳሚልኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ኢማኑኤል ትከሻዬ ላይ ተኝቶ ነበር።