የጉዞው ዓላማ
ፀዳል ከአረጋውያን መጦሪያው ፈረቃዋን ጨርሳ ገባችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ዘፍ አለች። ልጇ ሮማን የሩሲያን የቪዛ ፎርም ላፕቶፑ ላይ ከፍታ ትጠብቃት ነበር።

«እማ፣ የምትሄጂበት የሽርሽር መርከብ ፒተርስበርግ የሚቆመው ሁለት ቀን ነው። ከአስጎብኚው ቱር ጋር ከወረድሽ እኮ ቪዛ አያስፈልግሽም።»

«ቱሩ ወንድሜ መቃብር ያደርሰኛል? እዚያ ተማሪ ሳለ ሞቶ ከቀበሩት ሠላሳ ዓመት አለፈው። እኔ ግን እርሜን አላወጣሁም።»

«እሺ በቃ። የጉዞው ዓላማ?»

«ለቅሶ በይው።»

«ለቅሶ የሚል የለም፣ እማ። ቢዝነስ፣ ትምህርት፣ ጉብኝት...»

ፀዳል ዓይኗን ጨፈነች። ሮማን እናቷ እንቅልፍ የወሰዳት መስሏት ላፕቶፑን ልትዘጋ እጇን ዘረጋች።

«ጉብኝት የሚለውን ክሊክ አድርጊው» አለች ፀዳል ዓይኗን ሳትገልጥ። «ለእሱም ቢሆን ዘግይቻለሁ።»