ታመው ነበር

ኤዲልሳ ሴራሲን እንግሊዝኛ መማር የጀመረችው በአርባ ስድስት ዓመቷ ነው። ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ ቡና ስትለቅም ኖራ፣ ጉልበቷ ዳገቱን እምቢ ሲላት፣ ከፓናማዋ ቦኬቴ ከተማ ወጣ ብሎ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ የካናዳ ሽማግሌ ቤት አስታማሚ ሆና ገባች። ሰውየው አልደን ይባላሉ፤ የሰፈሩ ሰው ዶን አልደን ይላቸዋል። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ልባቸው ደክሟል። ዘጠኝ ዓመት ፓናማ ኖረው የሚያውቁት እስፓኒሽ ውሃና ዳቦ ለመጠየቅ ያህል ብቻ ነው።

ወሬ ግን ይወዳሉ። ከሰዓት በኋላ ካፊያው ከተራራው ሲወርድ ብርድ ልብስ ደርበው በረንዳ ላይ ይቀመጡና ስለ ሟች ሚስታቸው፣ ስለ በረዶው፣ ሠላሳ ዓመት ስላገለገሉበት ባቡር ያወሯታል። ኤዲልሳ ምንም ሳይገባት «የስ፣ የስ» እያለች ራሷን ትነቀንቃለች። አንድ ቀን አንድ ነገር ጠየቋትና እንደ ልማዷ «የስ» አለች። ዶን አልደን ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አየች። ምን እንደጠየቋት እስከ ዛሬ አታውቅም። በሳምንቱ ሄዳ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ለሚሰጠው የእንግሊዝኛ ትምህርት ተመዘገበች።

አስተማሪዋ ሃያሲንት ብራያን የሚባሉ ከባሕር ዳርቻው ከቦካስ የመጡ ሴት ናቸው። አያቶቻቸው ከጃማይካ ለሙዝ እርሻ ሥራ የመጡ ስለሆኑ እንግሊዝኛን የተማሩት ከእናታቸው ጡት ጋር ነው። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ለሳቅ የማይቸኩሉ ሰው ናቸው። ተማሪው ሁሉ «ቲቸር» ይላቸዋል።

«ኤዲልሳ፣ ትናንት ምን አደረግሽ?» ብለው ጠየቋት፣ ኃላፊ ጊዜን በጀመሩ ሰሞን።

«ትናንት ገበያ እሄዳለሁ። ዶሮ እገዛለሁ።»

ከኋላ የተቀመጠው ባለታክሲ ኤሊዬሰር ጣልቃ ገባ። «ቲቸር፣ ወደ ትናንት የምትሄድ ከሆነ እኔንም ይዛኝ ትሂድ። ጃንጥላዬን እዚያ ረስቻለሁ።»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። ሃያሲንት አልሳቁም። «አንተ ‹ትናንት ተጋጨሁ› ልትል ፈልገህ ‹አሁን እጋጫለሁ› ብለህ ተሳፋሪ ከመኪና ያስዘለልክ ሰው ነህ። ዝም በል።» ከዚያ ወደ ኤዲልሳ ዞሩ። «ያለፈ ነገር አልፏል፣ የኔ ልጅ። ‹ትናንት› ብለሽ ከጀመርሽ ግሱም ትናንት መሆን አለበት። ‹ኢዝ› አይደለም፤ ‹ዋዝ› ነው። ‹ነው› ሳይሆን ‹ነበር›።»

ኤዲልሳ ያን ቀን አፍራ ነበር። ቤት ስትመለስ ዳገቱን እየወጣች «ዋዝ፣ ዋዝ» ትላለች፤ ሳህን ስታጥብም «ዋዝ» ትላለች። ዶን አልደን ነገሩ ሲገባቸው እንደ ጨዋታ ያዙት። የታጠበ ልብስ ሲያጣጥፉ እሳቸው «ሂድ» ይላሉ፣ እሷ «ሄደ» ትላለች፤ «ብላ» ሲሉ፣ «በላ» ትላለች። ስትሳሳት ካልሲ ይወረውሩባታል። በሁለት ወር ውስጥ እሷ እዚያ ቤት ከገባች ጀምሮ ያላየችውን ሳቅ ሳቁ። ከባቡሩ ወሬም እየተቆራረሰ ይገባት ጀመር። አንዲት ልጅ እንዳለቻቸው፣ ስሟ ሎርና እንደሚባል፣ አስተማሪ እንደሆነች፣ እናቷ በሞተች በዓመቱ አገር ጥለው በመሄዳቸው እንደተቀየመቻቸው የሰማችው ያኔ ነው። አባትና ልጅ ከተያዩ አራት ዓመት ሆኗቸዋል። በልደት ቀን ይደዋወላሉ፤ ስለ አየሩ አውርተው ስልኩን ይዘጋሉ።

በጥር ወር አንድ እሑድ ዶን አልደን ትንፋሽ አጠራቸው። ሐኪሙ መጥቶ ደረታቸውን አዳመጠና ኤዲልሳን ወደ በረንዳው ጠራት። «ሳንባቸው ውሃ ይዟል፤ ልባቸውም እየደከመ ነው» አላት። «ዳቪድ ከተማ ወዳለው ሆስፒታል እንውሰድዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ። ዘመድ ካላቸው አሁኑኑ ይነገር።»

ስትመለስ ሽማግሌው ነገሩን ያወቁት ይመስላሉ። «ሎርናን» አሉ ቀስ ብለው። «ጠየቀሽ በያት።»

«እርስዎ ያናግሯት፤ ስልኩን ልያዝልዎት።»

«እንዲህ እያቃሰትኩ ድምፄን አታሰሚያት። አንቺ ንገሪያት።»

ሰኞ ጧት ደወለች። አይነሳም። ሎርና ክፍል ውስጥ እያስተማረች ነበር። ስለዚህ ኤዲልሳ ወጥ ቤት ተቀምጣ፣ ደብተሯን ዘርግታ፣ የምትለውን መጀመሪያ በጽሑፍ አዘጋጀች። አንዱንም ግስ እንዳትሳሳት ሦስት ጊዜ አረመችው። ሕመሙ የጀመረው እሑድ ነው፤ እሑድ አልፏል፤ ስለዚህ «ዋዝ» አለች። መጨረሻው ባዶ ሲሆንባት ደግሞ ቲቸር ስለ ስልክ አነጋገር ከሰጧቸው ወረቀት ላይ ሰው ሲሰናበት የሚለውን ጨመረችበት። ከዚያ ድምጿን አጥርታ በስልኩ ቀድታ ላከችው።

«ሴኞራ ሎርና፣ ኤዲልሳ ነኝ። እሑድ አባትዎ በጣም ታመው ነበር። ሐኪም መጣ። አባትዎ እርስዎን ጠየቁ። አይጨነቁ። መልካም ቀን።»

ከሰዓት በኋላ መልስ መጣ፣ በጽሑፍ። «ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ ኤዲልሳ። እንደምመጣ ንገሪልኝ።»

ኤዲልሳ እየሮጠች ገባች። «ትመጣለች» አለቻቸው። ዶን አልደን ወዲያው ጢማቸውን እንድትላጫቸው ጠየቋት።

ማክሰኞ ትምህርት አልሄደችም። ሰማያዊውን ሸሚዝ አለበሰቻቸው፤ ወንበራቸውን መንገዱ ወደሚታይበት መስኮት አዞረችላቸው። መኪና በተሰማ ቁጥር አንገታቸው ቀና ይላል። ወደ ታች የሚወርድ የአትክልት መኪና ነው፤ አንዳንዴም ሞተር ብስክሌት። ረቡዕም እንዲሁ ዋለ። «ከዊኒፔግ ሩቅ ነው» ይሉ ነበር፣ እሷን የሚያጽናኑ ይመስል። «አውሮፕላን መቀየር አለባት።» ሐሙስ ከምሳ በፊት የዶሮ ሾርባ ይዛላቸው ስትገባ ራሳቸው ወደ መስኮቱ ዘንበል ብሎ አገኘቻቸው። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጣ እጃቸውን ያዘች። ገና ትኩስ ነበር።

ስትደውል በዚህ ጊዜ ተነሳ። «ሞተ» የሚለውን ግስ አልሳተችውም። ሎርና በፍጥነት ብዙ ተናገረች። ከዚያ ሁሉ ኤዲልሳ የያዘችው ሁለት ቃል ብቻ ነው። «አልሽ… ነበር… አልሽ።»

በማግሥቱ ሃያሲንት ለለቅሶ ቤቷ መጡ። ኤሊዬሰር ነበር በታክሲው ያመጣቸው፤ እሱም ገብቶ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ኤዲልሳ ስለ ስልኩ ነገረቻቸው፤ ደብተሯንም አመጣች። «እስቲ ይዩልኝ ቲቸር፣ ምን ብያት ነው?»

ሃያሲንት አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«እንዳለ ነው ያነበብሽላት?»

«እንዳለ።»

«የመጨረሻውንም?»

«የመጨረሻውንም። ከወረቀትዎ ላይ ነው የወሰድኩት።»

ሃያሲንት በእስፓኒሽ፣ እያንዳንዱን ቃል እያስቀመጡ ተናገሩ። «ኤዲልሳ፣ ሕመሙ ገና አልለቀቃቸውም ነበር። አንቺ ግን ታመው ነበር አልሻት። ሰው እንዲህ ሲሰማ አሁን ድነዋል ብሎ ነው የሚረዳው። አይጨነቁ ደግሞ አልሽ።»

ኤዲልሳ ደብተሩን ተቀብላ አየችው። የራሷ ጽሕፈት ነው፤ አንድም ስርዝ የለበትም።

«በእስፓኒሽ ቢሆን እንዲህ እላለሁ? አልልም እኮ» አለች።

«አትይም። ጥፋቱ የኔም ነው። ያለቀውን ነገር እንዴት እንደሚሉት አስተማርኩሽ፤ ጀምሮ ያላለቀውን ግን ገና አላስተማርኩሽም። እሱን ለሚቀጥለው ወር ነበር ያቆየሁት።»

ኤሊዬሰር ጉሮሮውን ጠረገ። እሑድ ዳቪድ ወርዶ ሎርናን ከአውሮፕላን ጣቢያ የሚያመጣት እሱ ነው። «ስሚኝ ኤዲልሳ» አለ፤ በዚህ ጊዜ አልቀለደም። «ሽማግሌው አንዴ ሞተዋል። ሴትየዋ መጥታ ትቀብራለች፣ ትሄዳለች። እንግሊዝኛሽ ደካማ መሆኑን ታውቃለች። ይሄን ነገር ለምን ታነሺባታለሽ?»

«ሦስት ቀን መስኮት ላይ ተቀምጠው ጠበቁ» አለች ኤዲልሳ። «እሷ ግን አልጠሩኝም ብላ ልትኖር ነው። ወይ ደግሞ ጠርተውኝ ሳለ የቀረሁት እኔ ነኝ ብላ።»

«እኔ ላስተርጉምልሽ?» አሉ ሃያሲንት።

«ይምጡ። ግን ዝም ይበሉ። ጥያቄዋ ካልገባኝ ብቻ ይርዱኝ።»

ሎርና አምሳን ያለፈች፣ ሽበቷን አጭር የተቆረጠች ሴት ናት። ሰኞ ከሰዓት ኤዲልሳና ሃያሲንት ወደ ሽማግሌው ቤት ሲገቡ የአባቷን ሸሚዞች አልጋው ላይ እየደረደረች አገኟት። ኤዲልሳ አልተቀመጠችም። እጆቿን ሆዷ ላይ አጣምራ ቆማ፣ ቤቷ ስትለማመድ ያደረችውን ጀመረች፤ ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ስትደርስ ግን ከአእምሮዋ ጠፋባት። ስለዚህ ያላትን ብቻ ተናገረች።

«ሴኞራ፣ እኔ ተሳሳትኩ። ታመው ነበር አልኩ። ነበር አይደለም። ሰኞም ታመዋል። ማክሰኞም ታመዋል። ሐኪሙ ልጃቸው ትምጣ አለ። እኔ አይጨነቁ አልኩዎት። ቃሉን አላወቅኩም።»

ሎርና የያዘችውን ሸሚዝ አስቀመጠች። ስልኳን ከኪሷ አወጣችና አንድ ነገር ነካች። ክፍሉ ውስጥ የኤዲልሳ ድምፅ ተሰማ፤ ጥርት ያለ፣ ደስ ያለው ድምፅ፣ መልካም ቀን እያለ። ኤዲልሳ መሸሸጊያ አጣች። ሃያሲንት ጉልበታቸውን እያዩ ነበር።

«ለምን እንደገና አልደወልሽም?» አለች ሎርና። ቁጣ ነበረበት።

«እመጣለሁ አሉ። መንገድ ላይ ነዎት ብዬ አሰብኩ።»

«ለፋሲካ ነበር ያልኩት። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ።» ሎርና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ስትናገር ድምጿ ወርዶ ነበር፣ ኤዲልሳም እንዲገባት ቃላቱን እየለየች ተናገረች። «ይሄን መልእክት አራት ጊዜ ሰማሁት። ‹እርስዎን ጠየቁ› የሚለውን ሰማሁት። አባቴ ጠይቆኝ አያውቅም። መደወል ነበረብኝ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ድኗል ማለትሽ ነው ብዬ ተውኩት፤ እንደዚያ ማሰቡ ስለቀለለኝ።»

ካፊያው ቆርቆሮውን ይመታል።

«ጠበቀኝ?» አለች ሎርና።

ጥያቄው አጭር ነው፤ ኤዲልሳ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። አልጠበቁም ማለትም ትችል ነበር፤ ተኝተው ነበር፣ ምንም አልተሰማቸውም ማለት ትችላለች፤ ቃላቱ አሏት። ሃያሲንት ቀና ብለው አዩዋት።

«ጠበቁ» አለች። ከዚያ ቀስ እያለች፣ ከግስ ወደ ግስ እየተሻገረች፣ ሁሉንም ነገረቻት፤ ጢማቸውን እንደላጨቻቸው፣ ሰማያዊውን ሸሚዝ እንደለበሱ፣ ወንበሩን ወዴት እንዳዞረች፣ ስለ አውሮፕላኑ ያሉትን። «አልተቆጡም» አለች። «ደስ ብሏቸው ነበር። ሦስት ቀን ደስ ብሏቸው ነበር።»

ሎርና ተነስታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ወንበሩ አሁንም መስኮቱ አጠገብ ነው። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ብዙ አለቀሰች። ኤዲልሳ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለች። አልነካቻትም። ከብዙ ጊዜ በኋላ ሎርና ራሷ እጇን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ ኤዲልሳም አልጠየቀቻትም።

ዶን አልደን በነጋታው ከወንዙ ማዶ ባለው መካነ መቃብር ተቀበሩ። ሎርና በሦስተኛው ቀን ልትመለስ የነበረውን ትታ የሰፈሩ ሴቶች ለሟች በመቁጠሪያ የሚጸለየውን ሮዛሪ የሚደግሙበትን ዘጠኙን ቀን ቆየች። ጸሎቱ የሷ ሃይማኖት አልነበረም፤ እስፓኒሹም አይገባትም ነበር፤ ግን በየማታው ከኤዲልሳ ጎን ትቀመጥ ነበር። ስትሄድ የስልክ ቁጥሯን በትልልቁ ጽፋ ሰጠቻት። አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ ኤዲልሳ ስለ ባቡሩ የሰማችውን ትነግራታለች፤ ሎርና ከአባቷ አፍ ሰምታው የማታውቀው ብዙ ነበር።

ኤዲልሳ ትምህርቱን ለመተው አስባ ነበር። አንድ ወር ቀረች። ከዚያ ሃያሲንት ራሳቸው ዳገቱን ወጥተው ደብተሯን ከመደርደሪያው አውርደው እጇ ላይ አስቀመጡላት። በሚያዝያ ወር ደግሞ ሌላ ቤት ሥራ አገኘች፤ አንዲት መራመድ የተሳናቸው አሜሪካዊት አሮጊት ቤት ነው። ልጃቸው ሊቀጥራት ከአገሩ መጥቶ ስለ መድኃኒቱና ስለ ምግቡ ከነገራት በኋላ የምትጠይቀው ነገር እንዳላት ጠየቃት።

«አንድ አለ» አለች። «ስደውልልዎ ሁለት ጊዜ ይጠይቁኝ። ‹አሁንስ?› ይበሉኝ። ካልገባዎት ቲቸር ሃያሲንት ጋ ይደውሉ።»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ፈገግ አለ። ፊቷን ሲያይ ፈገግታውን ተወና እስክሪብቶ አውጥቶ የሃያሲንትን ቁጥር ጻፈ።