ፊሽካ ያልተነፋለት ጨዋታ

የ1964ቱ ክረምት ቀርቶ የ1965ቱም በልግ ሲከዳ፣ ቆቦ ውስጥ ረሃብ አልነበረም። ይህን የሚሉት የእህል መጋዘኑ ሹም አቶ አስፋው ናቸው፤ ለእሳቸውም ከላይ ተነግሯቸው ነው። የዝናብ እጥረት ነበር። ከዞብል ወርደው መኪና መንገዱ ዳር የተኙ «መንገደኞች» ነበሩ። ረሃብ ግን ገና አልተፈቀደም።

በላይነሽ ቆቦ ተወልዳ፣ ዩጎዝላቪያ ድረስ ሄዳ የሰውነት ማጎልመሻ ተምራ የተመለሰች ልጅ ናት። ከመጣች ወዲህ አንድ ቦታ ረግታ አልተቀመጠችም። የሚነገራትን ሁሉ ትጠራጠራለች፤ ራሷንም ጭምር። ያልተጠራጠረችው ከዚያ ይዛው የመጣችውን የቆዳ ኳስ ብቻ ነው።

አቶ አስፋው አንድ ቀን አስጠሯትና በሩን ዘጉ።

«ዱቄት አለኝ፤ የተራበ ግን የለም። ለማን ልስጠው?»

«መንገድ ዳር የተኙትስ?»

«እነሱ መንገደኞች ናቸው። ለመንገደኛ በጀት የለም፤ ለስፖርተኛ ግን አለ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወንዱ ለሥራ ሁመራና አሰብ ወርዷል። የቀረው ቢሰበሰብ ደግሞ አድማ ነው ይባላል። ሴት ብትሰበሰብ ማን ይፈራል?»

የቆቦ ሴቶች እግር ኳስ ክለብ የተመሠረተው እንዲህ ነው።

ሜዳው የደረቀው ወንዝ አሸዋ፣ ጎሉ የግራር እንጨት ሆነ። አቶ አስፋው ዱቄቱ ለተጫዋች ብቻ መሆኑን፣ ተጫዋች ማለትም ኳስ የነካ መሆኑን አስታወቁ። በላይነሽ አስራ አንድ ለአስራ አንድ ብታሰልፍ ተቀያሪው የገበያ ቀን ሕዝብ አከለ። ከዋጃና ከጎብዬ ሳይቀር በእግራቸው የመጡ ነበሩ።

አምበሏ ኡሙልኸይር ሆነች፤ ከአፋር ጨው እያመጣች ስትነግድ የኖረች፣ አፏ የማይያዝ ሴት።

«አንቺ በላይነሽ፣ ይህችን ቆዳ መግፋት ለመማር ነው ባሕር የተሻገርሽው? ወላሂ፣ እዚሁ ከእኔ አህያ ኋላ ብትከርሚ ይሻልሽ ነበር!»

በላይነሽ ቅብብል አስተማረች፤ ቅብብሉን ወደዱት። ማጥቃት አስተማረች፤ ማንም አላጠቃም። ኳስ ያገኘችው ያላገኘችውን ትፈልጋለች። መቆም ላቃታት ለአሮጊቷ ሀሊሜ ሳይቀር ኳሱን ሜዳው ዳር ወስደው እግሯ ላይ ያስነኳታል።

«ነካሁ?»

«ነክተሻል፣ እናቴ።»

«እንግዲህ ስፖርተኛ ነኝ» ትልና ሀሊሜ ተመልሳ ትጋደማለች።

በላይነሽ እየተናደደች ታየዋለች። ኳስ ይሄ አይደለም ትላለች በልቧ፤ ደግሞ ታዲያ ምንድን ነው ብላ ራሷን ትጠይቃለች።

በዚህ መሀል ከአዲስ አበባ ትልቅ ሰው ሊጎበኛቸው እንደሚመጣ ተሰማ። አቶ አስፋው ላብ በላብ ሆነው መጡ።

«ጥሩ ከተጫወቱ ጠግበዋል ይባልና ዱቄቱ ይቆማል። ካልቻሉበት ደግሞ ክለብ አይደለም ይባልና ይቆማል። እንግዳው ይህን የሚወስኑት ጨዋታው ሲያልቅ ነው።»

«መቼ ነው የሚያልቀው?» አለች ኡሙልኸይር።

«የዋንጫ ነው ብያለሁ። አሸናፊ ሲገኝ ነዋ።»

«ካልተገኘስ?»

«ይደገማል» አለች በላይነሽ።

ኡሙልኸይር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። «እንዲያ ከሆነማ አልሐምዱሊላህ!»

በቀኑ ትልቁ ሰው ጥላ ተይዞላቸው ተቀመጡ። በላይነሽ ፊሽካውን ነፋች። ኳሱ ከሴት ወደ ሴት እየዞረ ሳለ ራቢዓ እግር ገባ። በዕድሜ ከሁሉም ታናሿ ራቢዓ ናት፤ ኳስ ብትነካ ኳሱ የሚታዘዝላት እሷ ብቻ ናት። ሳታስበው ጎሉ ፊት ደረሰች። በረኛዋ ደክሟት አሸዋው ላይ ተቀምጣለች።

ሜዳው በአንድ አፍ ጮኸ። «ራቢዓ፣ እንዳታገቢው! የልጆቼን ሆድ አስቢ!»

ራቢዓ ዞራ በላይነሽን አየች። በላይነሽ ቤልግሬድ ስትማርም እንኳ አንድ ኳስ ይገባ ዘንድ የዚህን ያህል ተመኝታ አታውቅም። ፊሽካውን በጥርሷ ነክሳ ራሷን ወዘወዘች። አይሆንም።

ራቢዓ ኳሱን ወደ ጎን፣ ወደ ሀሊሜ መታችው።

«ምነው ሳታገባ?» አሉ ትልቁ ሰው።

«ጌታው፣» አለች ኡሙልኸይር አንገቷን ሰብራ፣ «በእኛ አገር ሴት ልጅ እንግዳ ፊት ጎል ማግባት ነውር ነው።»

ትልቁ ሰው ጨዋነታቸውን አድንቀው አጨበጨቡ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እራታቸው ደሴ ይጠብቃቸው ነበርና ተነሡ። ባዶ ለባዶ። ጨዋታው ይደገማል፤ ዱቄቱም አሸናፊ እስኪገኝ ድረስ ይሰጣል።

ተደገመ፤ ደግሞም ተደገመ። ዱቄቱ ግን ለሁሉም አይበቃም ነበር። ከድጋሚዎቹ በአንዱ ኳሱ እንደ ልማዱ ወደ ሀሊሜ ተላከ፤ ሳትነካው ቀረች። ሴቶቹ ቆመው ጠበቁ። በኋላ ኡሙልኸይር ሄዳ ኳሱን አነሣች፤ ሀሊሜንም በነጠላዋ ሸፈነች።

በ66 ረሃብ ተፈቀደ። ራዲዮው ሳይቀር ስሙን ጠራው። እህል የጫኑ መኪናዎች መጡ፤ ከእነሱ ጋር አጣሪዎችም መጡ።

«ሕዝብ ሲያልቅ እናንተ ኳስ ትጫወቱ ነበር?» አሏት በላይነሽን። ከአጣሪዎቹ ጎን የተቀመጡት አቶ አስፋው ከሁሉም በላይ ደንግጠው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

በላይነሽ ስለ ዱቄቱ ልትናገር አፏን ከፈተች። አቶ አስፋው መሬት መሬቱን አዩ። ማን ያምነኛል አለች በልቧ።

«አዎ፣» አለች፣ «ባዶ ለባዶ።»

ክለቡ ተዘጋ። የዚያን ዕለት ሴቶቹ ከእህሉ ሰልፍ ወጥተው አሸዋው ላይ ተሰበሰቡ። ከጎሉ እንጨት አንዱን ሰው ለማገዶ ወስዶታል።

«አሁን እንግዲህ ጨዋታው ማለቅ ይችላል?» አለች ኡሙልኸይር።

«ይችላል» አለች በላይነሽ።

ራቢዓ ኳሱን አስቀመጠች፤ ወደ ኋላ ሸሸት ብላ መታችው። ገባ። ኳሱን የተከተለ አልነበረም፤ ወደ ሀሊሜ ቦታ ያየ ግን ብዙ ነበር። በላይነሽ ፊሽካውን ትንፋሿ እስኪያልቅ ነፋችው።

«ያን ቀንም ይገባ ነበር እኮ» አለች ራቢዓ።

«አውቃለሁ» አለች በላይነሽ።