ጥርስ ያወጣው ሊጥ

አርባ ዓመት ሙሉ ተሳቢ መኪና የነዱት አያት አንድ ጠዋት የሁለት ዓመት ተኩል የልጅ ልጃቸውን ሚጣንና አንድ ጎድጓዳ ሳህን ሊጥ ተረከቡ። ነርሷ ልጃቸው ሊጡን አሽታ ሳትጨርስ ከሆስፒታል ተደውሎላት፣ እጇን በፎጣ እየጠረገች በሩ ጋ ደርሳለች።

«አባዬ፣ ትንሽ እሸውና ሸፍነህ አስቀምጠው። ኩፍ ሲል ምድጃ ውስጥ ትከተዋለህ። ለምሳ እመለሳለሁ። ይከብድሃል እንዴ?»

«ተሳቢ ወደ ኋላ የነዳሁ ሰው ሊጥ ያቅተኛል?» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

አቃታቸው። ለካ ተሳቢ መሪ አለው፤ ሊጥ የለውም። ጣታቸውን ይዞ አልለቅ አለ። አንዱን እጅ ለማስለቀቅ ሌላውን ቢልኩ ሁለቱም ታሰሩ። ሚጣ ወንበር ላይ ቆማ በሳቅ ፈረሰች። ቀጥላም እስከ ክርኗ ገባችበት። አንድ ቁራሽ ጠፍጥፋ ራሰ በራ አናታቸው ላይ ለጠፈችና «ኮፍያ!» አለች። አያት ምን ቸገራቸው፣ ኮፍያቸውን እንደደፉ እንደ ጡሩንባ «ጲጵ ጲጵ» እያሉ ጠረጴዛውን ዞሩ። ሚጣ ግን ሁለተኛውን ቁራሽ አፋቸው ውስጥ ወሸቀችው።

«ብላ፣ አባባ!»

ሊጡ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸው ላይ እንደ ማስቲካ ተጣበቀ። ጥርሱን አውጥተው አጠቡት፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና ኮፍያቸውን ከአናታቸው ሊፍቁ መታጠቢያ ቤት ገቡ።

ሲመለሱ ሳህኑ ባዶ ነው። ጥርሳቸውም የለም። ሚጣ ኮሪደሩ ላይ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ቆማለች።

«ሽሽሽ! ቡቡ ተኝቷል።»

አያት ቡቡ ማለት አሻንጉሊቷ መሰላቸው። ጠረጴዛ ስር ፈለጉ፤ ፍሪጅ ከፈቱ፤ የጫማ መደርደሪያውን አገላበጡ። ሚጣም ምንም እንደማታውቅ ሰው ከኋላ ከኋላቸው እየተከተለች «እዚህም የለም!» እያለች አብራ ፈለገች። በዚህ መሀል ስልክ ጮኸ።

«አባዬ፣ ሊጡ እንዴት ነው?»

ጥርስ የሌለው አፍ ለባለቤቱም አይታዘዝም። «ምንም ሽግር የለም» አሉ። ሌላ የሚሉት ቢያጡ የሚጣን ቃል ተዋሱ፤ «ተኝቷል።»

«ምኑ ነው የተኛው? አባዬ… በጠዋቱ ጠጥተሃል እንዴ?»

«ኧረ ውሃ እንኳ አልቀመሽኩም!»

ስልኩን ዘግተው ጭንቅላታቸውን ልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ውስጥ እንደከተቱ፣ ፊት ለፊት የምትኖረው ልብስ ሰፊ የተዋሰችውን የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ልትመልስ መጣች። ሚጣ በሩ ላይ ተቀብላ በአንድ ጣቷ ጎተተቻት።

«ነይ። ሕፃን አለን።»

«እንዴ! ማን ወልዶ?» እያለች ሴትዮዋ እየሳቀች ወደ መኝታ ቤት ገባች።

ቀጥሎ የተሰማው ጩኸት አያትን ከማሽኑ መንጭቆ አወጣቸው። በሚጣ አልጋ ላይ፣ ራሱን ትራስ ላይ አድርጎ፣ እስከ አገጩ ብርድ ልብስ የለበሰ ሊጥ ተጋድሟል። ሙቀቱ ተስማምቶት እጥፍ ሆኗል፤ ጉንጩ ተነፍቷል። ከጉንጩ መሀል ደግሞ የአያት ጥርስ ከነድዱ ፈገግ ብሏል።

«ወይኔ! ይስቅብኛል!» አለች ልብስ ሰፊዋ ግድግዳውን ተደግፋ።

«ጥርሼ!» አያት እጃቸውን ሰደዱ። ሚጣ መሀል ገባች።

«እንቢ! ቡቡ ጥርስ የለውም። ምን ይበላል?»

«እኔሽ ምን ልብላ?»

«አንተ ትልቅ ነህ!» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ትንፋሿ ሲመለስ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ሚጣዬ፣ ሕፃን ሲወለድ ጥርስ የለውም እኮ። አንቺም አልነበረሽም። ቀስ ብሎ ይበቅልለታል።»

ሚጣ የራሷን ጥርስ በጣቷ ዳሰሰች፤ አሰበች። ከዚያ ጥርሱን ከነሊጡ ነቅላ ለአያቷ ዘረጋች። «እንካ። ግን ትመልሳለህ!»

«ቡቡ በርዶታል፤ ሞቅ ያለ አልጋ ይሻላል» ብለው አግባቧት። ጥርስ የገባበትን ቦታ ቆርጠው ጣሉ፤ ቡቡን በመጋገሪያው አስተኝተው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ሚጣ ከምድጃው መስታወት ራቅ ብላ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። ቀላ ሲል «አባባ! አደገ!» ብላ ቤቱን አናጋችው።

አያት የጨነቃቸው ቀጣዩ ነው። እሷ እያየች ቡቡ ላይ እንዴት ቢላ ይነሣል? «ቡቡ ሥራ ሄደ እንበላት?» እያሉ ከልብስ ሰፊዋ ጋር ሲንሾካሾኩ፣ ሚጣ በመቀዝቀዝ ላይ ያለውን ዳቦ አየት አድርጋ «ቂጡ የኔ ነው!» አለች።

ነርሷ ስትመጣ ርቧት ስለነበር ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ መብላት ጀመረች። «አባዬ፣ እጅህ ይባረክ! እንዴት ያለ ለስላሳ ነው!» ልብስ ሰፊዋ ጣራ ጣራውን እያየች ሻይዋን ብቻ ጠጣች።

ሚጣ የእናቷን ቀሚስ ጎተት አደረገች። «እማ፣ ሆዱን በላሽው። እኔ ቂጡን በላሁት።»

«ጎበዝ የኔ ልጅ» አለች እናቷ፣ አፏን ሞልታ ሌላ ቁራሽ እያነሣች።