የኒዛር «ኑ»

ኒዛር ከሞተ ገና ሃያ ቀኑ ነበር። የሥራ አጋሩ ጸደንያ፣ ካርቲየ 7 ቢስ በሚባለው የወደብ ከተማ ሰፈር፣ እናቱ ቤት፣ እሱ ይቀመጥባት በነበረችው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆና የእሱን ላፕቶፕ ከፈተች። የፈረንጆቹ 2014 መስከረም ነው፤ ገና በጠዋቱ ግድግዳው ይፋጃል። ለዚህ ቀን የቀጠረው ራሱ ኒዛር ነበር። በነሐሴ ትኩሳት ጣለው፤ «ተራ ትኩሳት ነው» እንዳለ በአምስተኛው ቀን ሄደ። ቀጠሮው ግን ቀረ።

ሁለት ዓመት የለፉበት ነገር ሲያወሩት ቀላል ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ከከተማው ወጣ ብሎ ፒኬ 12 በሚባለው ማቆሚያ ተደርድረው፣ ወደብ የሚገቡበትን ተራ ይጠብቃሉ። ተራቸው ሲደርስ አንድ ጠሪ ዱላ ይዞ ይመጣና በሮቹን እየደበደበ ይቀሰቅሳቸዋል። ኒዛርና ጸደንያ ያንን ጠሪ በስልክ መልእክት ሊተኩት ነበር። አንዱ ቢሮ «መጀመሪያ ፈቃድ» ይላቸዋል፤ ፈቃድ ሰጪው «መጀመሪያ ደንበኛ» ይላል። በሁለቱ መካከል ሲመላለሱ ጫማቸውም ወኔያቸውም አለቀ። በመጨረሻ ዕቃ የሚያስተላልፍ ቢሮ ያለው ሙሐመድአሚን የሚባል የድሬዳዋ ሰው፣ «አቦ፣ አንድ ጠዋት ልስጣችሁ። አሥራ ሁለት መኪና። ጠሪ ሳይላክ በሰዓታቸው ወደቡ በር ላይ ካገኘኋቸው እፈርማለሁ። ካላገኘኋቸው ግን ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጡ» አላቸው።

ያ ጠዋት ይኸው መጣ። አንድ ሰዓት ሲሆን ጸደንያ የመልእክቱን መላኪያ ቁልፍ ተጫነች። የኒዛር እናት ማይሙና በሩ ሥር ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ቀብሩ ካለፈ ወዲህ ከዚያ ቦታ ብዙም አትነሳም።

«ደረሰ?» አለች።

«ደርሷል ይላል፣ ኡሚ።» ጸደንያም ልክ እንደ ኒዛር ኡሚ፣ «እናቴ»፣ ነበር የምትላት።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሙሐመድአሚን ደወለ። «አንቺ ልጅ፣ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ከሁለት ፍየል በቀር የመጣ የለም።»

ደግማ ላከች። ሦስተኛ ላከች። ከዚያ ላፕቶፑን ሳትዘጋ ተነሥታ በሚኒባስ ወደ ፒኬ 12 ሄደች።

አሥራ ሁለቱም እንደቆሙ ናቸው። ፊተኛው ሾፌር፣ ዘሩ የሚባል ሽበታም ሰው፣ በተሳቢው ጥላ ምንጣፍ ዘርግቶ በጎኑ ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ መልእክት አልደረሰዎትም?»

«አንድ ብቻ? ሦስት ደረሰኝ እንጂ። ምን ያነዛንዛችኋል የኔ ልጅ፣ ባንዱም ገብቶን ነበር።»

«ምን ይላል?»

«ኖ ይላላ።»

ስልኩን ተቀብላ አየችው። ኤን፣ ኦ፣ ዩ።

የሾፌሮቹ ስልክ የአማርኛ ፊደል አያወጣም፤ ባዶ ሳጥን እየደረደረ ያሳያል። ስለዚህ ኒዛር አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ጻፈው። ያደገው እዚሁ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤት ነው። ፈረንሳዮች «ኡ» ሲሉ ኦ እና ዩን ጎን ለጎን ያስቀምጣሉ፤ እሱም «ኑ» ብሎ ጻፈ። ጸደንያም የዚያው ትምህርት ቤት ልጅ ናትና መቶ ጊዜ አንብባዋለች፤ መቶ ጊዜም «ኑ» ነበር የሚላት። ከአዳማና ከኮምቦልቻ የመጣ ሾፌር ግን የሚያውቀው የእንግሊዝኛውን ነው።

«ዩዋ ደግሞ አንተ ማለት ናት» አለ ከጎረቤት መኪና መስኮት አንድ ድምፅ። «ኖ ዩ። ሌላው ይምጣ፣ አንተን ግን አንፈልግህም።»

«እኔማ ምን አጠፋሁ ስል ቆየሁ» አለ ዘሩ። «ሦስተኛው ሲመጣ ጫማዬን አወለቅሁ።»

ሳቁ። ጸደንያ መኪናውን ተደገፈች። ብረቱ እጇን ሲያቃጥላት እንኳ ቶሎ አላነሣችውም።

ኒዛር መጀመሪያ የጻፈው «ና» ነበር። «አባት የሚሆንህን ሰው ና ትለዋለህ?» ብላ የተቆጣችው እሷ ናት። እሱ ስቆ፣ «እኛ ድሬዳዋዎች አባታችንንም አንተ ነው የምንለው» አላት። «ይምጡ» ብትለው፣ «ሠርግ ጠራናቸው እንዴ?» አለ። ሲጨቃጨቁ ውለው «ኑ» ላይ ታረቁ። «ና» ግን በየትኛው ፈረንጅ ፊደል ቢጻፍ ያው ና ነው።

«ጋሼ» አለች፣ «ኑ ነው የሚለው። ተራችሁ ደርሷል።»

ዘሩ ቀና ብሎ አያት። «እና ኑ አይልም?»

ከመኪና መኪና እየሄደች በሮቹን በእጇ ደበደበች። የተኛውን ቀሰቀሰች፤ ምሳ ፍለጋ የሄደውን፣ ሰው ልካ አስጠራች። አንዱ ባትሪው ሞቶ ተገፍቶ ተነሣ። ሰባት ሰዓት ላይ የመጨረሻው መኪና ወደብ ሲገባ፣ ቀሚሷ ከጀርባዋ ጋር ተጣብቆ፣ ድምፅዋ ጠፍቶ ነበር።

ሙሐመድአሚን በቢሮው ወንበር ሰጣት፤ ቀዝቃዛ ውኃም አስመጣላት። ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማት።

«የጻፈው ሟቹ ነው፣ አይደል?» አለ።

«እኔ ነኝ ያስለወጥኩት።»

«አላህ ይማረው፤ ጎበዝ ልጅ ነበር።» የውኃውን ብርጭቆ ወደ እሷ አስጠጋ። «እይ ልጄ፣ መኪኖቹ ገብተዋል። ያስገባሻቸው ግን በእግርሽ ነው። በእግሩ የሚያስገባ ሰው እኔም አለኝ።»

«አንድ ፊደል ነው የማስተካክለው። ነገ ጠዋት ይሠራል።»

«ነገ ሌላ ፊደል ይመጣል። ያኔ ማንን ትጠይቂያለሽ?»

ጸደንያ ውኃውን ጨርሳ ተነሣች።

ካርቲየ 7 ቢስ ስትደርስ ማይሙና በሩ ሥር እንዳለች ነበረች። ከጸደንያ ፊት ምንም ማንበብ ስላልቻለች ጠየቀቻት።

«መጡ?»

ጸደንያ ስለ ፊደሉ፣ ስለቀረው ፊርማ ልትጀምር አፏን ከፈተች። ከየት እንደምትጀምር ግን ጠፋት።

«መጡ፣ ኡሚ።»

«ሁሉም?»

«አሥራ ሁለቱም ገቡ።»

ማይሙና ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ ድሬዳዋ ለእህቷ ደወለች። መስመሩ ስላስቸገራት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የኒዛር ነገር ሠራ» አለች። «አዎ፣ ዛሬ። ኸረ ሁሉም ገቡ። ልጅቷም እዚህ አለች፣ ጠይቂያት።»

ስልኩን ዘረጋችላት። ጸደንያ ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገችው፤ በወዲያኛው ጫፍ አንዲት ሴት ታለቅሳለች።

«አዎ» አለች ጸደንያ። «ሠርቷል።»