በሁለተኛው ሄሊኮፕተር

ሄሊኮፕተሩ ከባሕሩ ሦስት ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ይከንፋል። ከዚያ ከፍ ቢል የሩሲያ ራዳር ያየዋል፤ ዝቅ ቢል ማዕበሉ ይውጠዋል። የበረራ መካኒኩ ኦስታፕ በጥይት ሣጥኖችና በመድኃኒት ካርቶኖች መካከል ተቀምጦ የሚያስበው ታናሽ ወንድሙን ናዛርን ነው። ናዛር በተከበበው የብረት ፋብሪካ ምድር ቤት አንድ እግሩ ተቆርጦ ከተኛ ዘጠኝ ቀኑ። ኦስታፕ ዛሬ ሊያወጣው ለእናቱ ቃል ገብቷል።

«ኦስታፕ!» አለ አብራሪው ዛሃር በጆሮ ማዳመጫው። «በሩን ከፍተህ ዓሣ ያዝልን፤ ቁርስ አልበላንም።»

«አንተ ትንሽ ዝቅ በል፣ ራሱ ይገባልሃል።»

በቴሌቪዥን ካርታ ፊት ቆመው የሚተነትኑት ሰዎች ይህን «የአየር ድልድይ» ይሉታል። አያፍሩም! ድልድይ ሰው በእግሩ ሄዶ በእግሩ የሚመለስበት ነው። ይህ ሁለት ያረጁ ሄሊኮፕተሮችና የጥቂት ሰዎች እብደት ነው።

ሁለቱም ሄሊኮፕተሮች ፋብሪካው ግቢ አረፉ። ሞተሩ ሳይጠፋ ጭነቱ ወረደ፤ ቁስለኞች በቃሬዛ መጡ። ሦስተኛው ናዛር ነበር፤ ጉንጩ ጎድጉዷል።

«ወፍረሃል» አለው ኦስታፕን። «የእኔንም ድርሻ ነው የምትበላው?»

«ዝም ብለህ ግባ!»

ዛሃር ዞር ብሎ አያቸው። «ወንድማማች በአንድ ሄሊኮፕተር አይበርም፤ አንዲት እናት ሁለት ልጅ በአንድ ቀን አትቅበር። ሁለተኛው ላይ ጫነው።»

በወረቀት ያልሰፈረ የበራሪዎች ደንብ ነው። ኦስታፕ አልተከራከረም፤ እሱም ያምንበት ነበር። የቃሬዛውን ጫፍ ይዞ ሮጠ፤ ናዛርን በገዛ እጁ ጫነው።

ሲመለሱ ሁለተኛው ከኋላ ይከተላቸው ነበር። ከባሕሩ ዳር ሚሳኤል ተተኮሰ። እሳት ታየ፣ ከዚያ ውሃ ብቻ። ዛሃር መመለስ አልቻለም፤ አሥራ አንድ ቁስለኛ ጭኗል።

እናታቸው ስቴፋኒያ ድኒፕሮ ከተማ፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ቆማለች። የናዛርን ሱሪ አንዱን እግር አጥፋ ሰፍታ ይዛለች።

«የታለ?»

«በሌላኛው ነበር፣ እማዬ። ተመታ።»

«ከአንተ ጋር ለምን አላመጣኸውም?»

ደንቡን ነገራት። ለእሷ ተብሎ የተደረገ መሆኑንም።

«እና እኔን ማን ጠየቀኝ?»

ኦስታፕ ተሳስቶ ይሆናል ብላ፣ በቃሬዛ የሚገቡትን የአሥራ አንዱን ፊት አንድ በአንድ እየገለጠች ማየት ጀመረች።